ምዕራፍ 7፦ ጨጓራው ተቆርጦ ረሃቡ ሲመለስ

ክብደት ለመቀነስ ጨጓራዎን በተሠሩ በመጀመሪያው ዓመት በየጠዋቱ ደስ እያለዎት ይወጡበት የነበረው ሚዛን ዛሬ አልጋ ሥር ተገፍቶ አቧራ ለብሷል። ያን ጊዜ የተገዛው ሱሪም ወገብ ላይ መያዝ ጀምሯል። የሚያስደነግጠው ግን ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ የነበረው ረሃብ ነው፤ ምሳ በተበላ በሁለት ሰዓቱ ይቀሰቀሳል። ያኔ ሰው ራሱን ይወቅሳል። «ድሮም ሆዳም ነኝ» ይላል።

ተሳስተዋል። ስሊቭ በሚባለው የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣል። ግሬሊን የሚባለውን ረሃብ ቀስቃሽ ሆርሞን በብዛት የሚያመነጨው ክፍል አብሮ ስለሚሄድ የመጀመሪያዎቹ ወራት ምግብ ትዝ ሳይል ያልፋሉ። ሰውነት ግን የሄደበትን ኪሎ እንደ ተነጠቀ ርስት ነው የሚቆጥረው፤ ዓመታት ሲያልፉ መብቱን መጠየቅ ይጀምራል። ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ክብደት ለመቀነስ ቀዶ ሕክምና የተሠራላቸውን ሰዎች ለረጅም ዓመታት የተከታተለ ጥናት አለ። ባይፓስ የሚባለው ሌላው የጨጓራ ቀዶ ሕክምና የተሠራላቸው ሰዎች በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ከክብደታቸው 32 በመቶ ገደማ ቀነሱ፤ በ10ኛው ዓመት ሲመዘኑ ቅናሹ 25 በመቶ ሆኖ ተገኘ። 120 ኪሎ የነበረ ሰው 82 ደርሶ ወደ 90 ተመለሰ እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ጥቂት ኪሎ ቢመለስ አይደንግጡ። አሥራ አምስትና ሃያ ኪሎ ሲሆን ግን ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

የምክንያት ነገር ሲነሳ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት ወዳጄን ላንሳ። ከተሠራች ስምንት ዓመቷ ነው። ከ118 ኪሎ ወደ 76 ወርዳ ነበር፤ እኔ ዘንድ ስትመጣ 95 ሆናለች። «እትዬ፣ እኔ እኮ ምንም አልበላም» አለችኝ እንባዋ እየመጣ። አመንኳት። ማዕድ ላይ ከተቀመጠች እውነትም ሦስትና አራት ጉርሻ አይወርድላትም።

አንድ ቅዳሜ ቡና ጠራችኝ። ጀበናው እስኪንተከተክ ድረስ እጇ አራት ጊዜ ቆሎው ሰሃን ውስጥ ገብቶ ወጣ፤ ኦቾሎኒውን እየመረጠች። አቦል ላይ ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ ቶና ላይ ሁለት፣ በረካም ላይ ያው። ስታወራኝ ድፎውን ጫፍ ጫፉን ትቆርሳለች፤ ሳያት ጊዜ «ቅርፊቱን ብቻ ነው» አለችኝ። ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 24 ግራም ይጠጋል፤ ይህ የጠዋቱ ቡና ነው፣ የማታው ገና ነው። የተቆረጠ ጨጓራ በአንድ ጊዜ ብዙ አልይዝም ይላል እንጂ ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት የሚገባውን አይመልስም። ምሳዋን ደግሞ ጠየቅኳት፤ ፍትፍት ነበር፣ ከላዩ አንድ ብርጭቆ ውሃ። መረቅ ጠጥቶ የራሰ እንጀራ ሳይታኘክ ይንሸራተታል፣ ውሃ ሲከተለው ደግሞ ጨጓራው ውስጥ አይቆይም። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቢርባት ምን ይገርማል!

መድኃኒቱ፣ እኔ እስከማምነው ድረስ፣ የሽምብራ ንፍሮ ነው። ወዳጆቼ «የንፍሮ ሐኪም» እያሉ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ሽምብራውን ማታ ይዘፍዝፉት። ጠዋት ውሃውን ደፍተው በአዲስ ውሃ፣ በጣት ሲጫኑት እሺ እስኪል ይቀቅሉት። ጨውና ቁንጥር ሚጥሚጣ ይበቃዋል፤ ዘይት አያስነኩት። ከዚያ በቡና ሲኒ ይስፈሩት፤ አንድ ሲኒ፣ አፉ ድረስ እንጂ ቁልል አይደለም። ድስቱን ወደ ኩሽና ይመልሱና ይቀመጡ። አንድ በአንድ፣ እያኘኩ፣ ያለ ውሃ። ፍሬው ጠጣር ስለሆነ ቶሎ አያልፍም፣ ፕሮቲንም ፋይበርም አለው፣ አፍንም ሥራ ያስይዛል። የቡናው ሰዓት ሲደርስ ቆሎው በቀረበበት ይህ ይቅረብ፣ ቡናውም ያለ ስኳር ይሁን። «ንፍሮ የለቅሶ ቤት ምግብ ነው» የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ ለቅሶ ቤት ያየነው እዚያ ሰው ሌሊቱን ሁሉ ስለሚቀመጥና ሆድ የሚይዝ ነገር ስለሚያስፈልግ ይመስለኛል።

ንፍሮ ብቻውን ግን አያኖርም። ከዚህ ሕክምና በኋላ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ አንድ እንቁላል የሚሰጠው 6 ግራም ገደማ ነው። ቁርስዎ እንቁላልና አይብ ይሁን። ምሳና እራት ላይ ዓሣውን፣ ዶሮውን ወይም ምስሩን አስቀድመው ይብሉ፤ እንጀራው ቦታ ከተረፈ ነው። በጾም ወራት የሚቸገሩ የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው ጾም ማቅለል ለእሳቸው እንግዳ ጥያቄ አይደለም።

ውሃ ከምግብ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆይተው ይጠጡ። ቪታሚን ቢ12፣ አይረንና ካልሲየም ሐኪም ባዘዘው መጠን ዕድሜ ልክ ነው። ባይፓስ የተሠራለት ሰው መጠጥ ቶሎ ደሙ ውስጥ ይገባበታልና በጠጅ አይጫወት።

ክብደት መቀነሻ መርፌዎችን በተመለከተ፦ ሴማግሉታይድና ቲርዜፓታይድ ኪሎ ለተመለሰባቸው ሰዎችም በሐኪም ይታዘዛሉ፣ ብዙዎችንም ረድተዋል። እንደ ሽንፈት አይቁጠሯቸው። የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ ያለበትን መርፌ በሻንጣ፣ በሸሚዝ ጠቅልሎ አምጥቶ የሚሸጥ ሰው በዝቷል፤ የሚገዛውም «ሐኪም ቤት ብሄድ ይታወቅብኛል» ብሎ የፈራ ነው። ለመሆኑ ምኑ ነው የሚታወቀው? ስንከሳ «ታመሽ ነው?»፣ ስንወፍር «ኧረ ተመችቶሻል!» የሚል ሕዝብ ነን፤ ሰውን በኪሎው ሰላም እንላለን። በዚህ ምክንያት ብዙው ሰው መሠራቱን ይደብቃል፣ «በዳይት ነው» ይላል። ደብቆ ሲያበቃ ማዕድ ላይ ይጋለጣል፤ ያላወቀ ዘመድ «በሞቴ!» እያለ ሲያጎርሰው ምን ብሎ እምቢ ይላል?

ወዳጄን ያስቸገራት ይኸው ነበር። ከባሏና ከእህቷ በቀር የሚያውቅ የለም። ቆሎውን በንፍሮ ተክታ፣ ስኳሩን ትታ፣ ሐኪሟም ጋ ተመልሳ ታይታ በአምስት ወር ስድስት ኪሎ ቀነሰች፤ ግብዣ በበዛበት ሳምንት ግን ትንሹ ድል ይናዳል። «ንገሪያቸው» አልኳት። «ሞቼ ነው!» አለችኝ።

ባለፈው የወንድሟ ልጅ ክርስትና ላይ አብረን ነበርን። አክስቷ የጡጫ ያህል ጉርሻ ጠቅልለው ከፊቷ ቆሙ። «በሞቴ፣ አፈር ስሆን!» ወዳጄ አየችኝ፣ ከዚያ ቤቱን ሁሉ ዞር ብላ አየች። «እቴቴ፣ እኔ እኮ ጨጓራዬ ተቆርጧል» አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። ሰዉ ጸጥ አለ። አክስቷ ጉርሻውን ትንሽ አገላብጠው አዩት፣ ለሁለት ከፈሉት፣ ትልቁን ራሳቸው ጎረሱና ጥፍር የምታህለውን አቀረቡላት። «እንግዲያው ይቺን።»