ስለ 4,294,967,297 የሒሳብ ትምህርት

ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ ቍጥር አለ፤ 3፥ 5፥ 7 እንደዚህ ያሉ ናቸው። በዚህ ትምህርት የማይከፈል ቍጥር እንለዋለን። 15 ግን በ3ም በ5ም ይከፈላልና ከነዚህ ወገን አይደለም። ትንሹን ቍጥር መለየት ቀላል ነው፤ ቍጥሩ ሲበዛ ግን በዓይን አይፈረድም፤ መመርመር ያስፈልጋል።

2ን በራሱ ቢያባዙት 4፥ 4ን በራሱ 16፥ 16ን በራሱ 256፥ 256ን በራሱ 65,536፥ ይህንንም በራሱ ቢያባዙት 4,294,967,296 ይሆናል። ከ2 ጀምሮ በያንዳንዱ ላይ 1 ቢጨምሩ 3፥ 5፥ 17፥ 257፥ 65,537፥ 4,294,967,297 ይገኛሉ። ፒየር ደ ፌርማ የሚባል ፈረንሳዊ የሕግ ሰው፥ በሒሳብም እጅግ የታወቀ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1640 ዓ.ም. የፊተኞቹን አምስቱን አይቶ በዚህ መንገድ የሚገኘው ሁሉ የማይከፈል ነው ብሎ አመነ። ማስረጃ እንዳላገኘለት ግን አልሸሸገም።

ስድስተኛውን እንመርምር። መጨረሻው 7 ስለ ሆነ በ2ም በ5ም አይከፈልም። አኃዞቹ ቢደመሩ 59 ይሆናሉ፤ 59 በ3 ሲካፈል 2 ይተርፋልና ቍጥሩም በ3 አይከፈልም። እንዲህ አንድ በአንድ ቢፈትኑ ሥራው ብዙ ነው፤ ስለዚህ የፌርማ ቃል ከ90 ዓመት በላይ ሳይፈርስ ቈየ።

በ1732 ዓ.ም. ግን የስዊስ ተወላጅ የሆነው ሌዎናርድ ኦይለር፥ በሩሲያ በፒተርስቡርግ ከተማ ሳለ፥ ቍጥሩ በ641 እንደሚከፈል ገለጠ። ኋላም የዚህ ቍጥር አካፋይ ሁሉ በ64 ሲካፈል 1 እንደሚተርፈው አስረዳ። በዚህ ደንብ የሄደ ሰው 193፥ 257፥ 449፥ 577፥ 641ን በተራ ይፈትናል፤ በአምስተኛው ፈተና ያገኘዋል።

መምህር ሆይ፥ ይህን በሰሌዳ ላይ ጽፈህ ለተማሪዎች አሳይ፤

6,700,417 በ600 ሲባዛ 4,020,250,200
በ40 ሲባዛ 268,016,680
በ1 ሲባዛ 6,700,417
ድምሩ 4,294,967,297

ከፊተኞቹ አምስት በቀር በዚህ መንገድ የተገኘ ሌላ የማይከፈል ቍጥር እስከ ዛሬ አልታወቀም።

በመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ምስክር ሲጠየቅ የመጽሐፍ ቃል ይጠቅሳል። የሒሳብ ምስክር ግን የሊቅ ስም አይደለም፤ ሥራው ራሱ ነው። አምስት ምሳሌ ሕግ አያቆምም፤ አንድ ተቃራኒ ግን ሕግ ያፈርሳል። እንግዲህ ተማሪ መልሱን «መምህር ስላሉ ነው» ብሎ ቢያቀርብ፥ መልሱ ልክ ቢሆንም እንኳ፥ «አባዝተህ አሳየኝ» ይባል። እንዲህ የለመደ ልጅ፥ አድጎ የመሬት ልክ ወይም የእህል ዋጋ ሲቈጠርለት፥ በሰው ቃል ብቻ አይፈርምም፤ ራሱ ቈጥሮ ያረጋግጣል።