ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ ሲቀር

በዛሬው ጽሑፋችን ስለ አገልግሎትና ስለ አመራር ጥቂት እንማማራለን። ወደ ሌላው ከመሄዳችን በፊት ግን ከራሳችን ጥፋት ብንጀምር ይሻላል ብለናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በከተራ ዕለት ጧት ለዝማሬ ተሰብስበን ሳለ፣ ከበሮው፣ የመዘምራኑ ልብስና የአባላት መዝገብ ያሉበት ሣጥን ተቆልፎ አገኘነው። ቁልፉ ያለው በሊቀ መንበራችን ኪስ ነው፤ ሊቀ መንበራችን ደግሞ ለከፍተኛ ትምህርት ባሕር ዳር ሄዷል። ከሄደ ሁለት ወር አልፎት ነበር። በነዚያ ሁለት ወራት ሣጥኑን የፈለገ አንድም ሰው አልነበረም ማለት ነው! ከበሮ ከካህናቱ ለምነን፣ እያንዳንዳችን በቤታችን ነጠላ ታቦቱን አጀብን።

ወንድማችንን አንወቅሰውም። አዳራሹን የሚጠርገው እርሱ፣ ስም የሚጠራው እርሱ፣ ወርኃዊ መዋጮ የሚሰበስበው እርሱ፣ ለሰበካ ጉባኤው ደብዳቤ የሚጽፈው እርሱ ነበር። እኛም አመሰገንነው፤ እያመሰገንንም ተቀመጥን። በክረምት ሲመለስ እንደ ነገረን ከሆነ፣ በዚያ ሁሉ ድካም ሳይማረው የቀረው አንድ ነገር ሌላውን ማሠራት ነው። እንግዲህ ጉዳቱ በሁለት በኩል ነበር፤ እርሱም አላደገም፣ እኛም አላደግንም።

አገራችን ጎጃም ግን ይህን ጥበብ አጥታው አታውቅም። በየንባብ ቤቱ ዳዊት የደገመው ልጅ ታናሹን ፊደል ያስቆጥራል። በቅኔ ቤትም ቀድሞ የገባው ለጀማሪው ግስ ያስገስሳል፤ ተማሪ ከተማሪ እየቀጸለ ይበስላል። የዋሸራና የጎንጅ ስም እስከ ዛሬ የሚጠራው በየኔታዎቹ ዕውቀት ብቻ አይመስለንም፤ እውቀቱ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚሻገርበት መንገድ ስለ ነበረም ጭምር ነው። ደግሞስ ማናችንም የራሳችንን ጕድለት ደኅና አድርገን የምናየው ታናሻችን ሲጠይቀን አይደለምን?

የሙሴ አማት ዮቶርም ይህንኑ ነበር ያየው። ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ለሕዝብ ሲፈርድ ቢያገኘው፣ አንተም ትደክማለህ፣ ሕዝቡም ይደክማል ብሎ የሺህ፣ የመቶ፣ የኀምሳና የዐሥር አለቆች እንዲሾም መከረው (ዘጸ. 18)።

በቅርቡ ዘመንም ምሳሌ አለን። የሸዋ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ በደርግ ዘመን በክረምት ወራት ወጣቶችን ዝዋይ እየሰበሰቡ ያስተምሩ ነበር። ብፁዕነታቸው በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ዐረፉ። ሥራው በዚያው ይቋረጣል ተብሎ ቢታሰብ አያስደንቅም ነበር። ነገር ግን በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለውትድርና ሥልጠና ብላቴ በገቡ ጊዜ በጸሎትና በትምህርት የተሰባሰቡ ወጣቶች ተገኙ፤ በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ሲመሠረትም በዝዋይ የተማሩት ከመካከላቸው ነበሩ። ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ አልነበረም።

በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዐዋዲ ኋላ ሲሻሻል የሰንበት ትምህርት ቤት አባልነትን ከ4 እስከ 30 ዓመት ወስኖታል። አንዳንዶቻችን 30ን እንደ ማባረሪያ እናየዋለን፤ እኛ ግን ወደ ሰበካ ጉባኤው አገልግሎት የሚያሻግር በር ነው እንላለን። ለገጠርና ለትንንሽ ከተማ ልጆች እንዲያውም በሩ ቀድሞ ይከፈታል፤ ከገበዘ ማርያም፣ ከፍኖተ ሰላምም ሆነ ከቡሬ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ያለፈ ወጣት በ18 ዓመቱ ይሄዳል።

ከዚያች ከተራ በኋላ ቁልፉን በሦስት አስቀረጽን፤ ለየኃላፊነቱም ምክትል መደብን። ሥራው ወዲያው አማረ አንልም። አንድ ጊዜ አዲሱ ኮሚቴ አባላቱን ሳይጠይቅ ለአንዲት ባልቴት ጤፍ ልናጭድላቸው ቃል ገባ፤ ቀኑ የገበያ ቀን ነበርና ማጭድ ይዘን የተገኘነው አራት ብቻ ነን። እማማ ጠላ ጠምቀው፣ ለሃያ ሰው እንጀራ ጋግረው ጠበቁን። ያን ቀን ያፈርነውን ያህል አፍረን አናውቅም። በሳምንቱ ሁላችንም ተመልሰን አጨድን፤ ከዚያ ወዲህ ኮሚቴው ሳይጠይቅ ቃል አይገባም።

ጸሐፊ የሆነችው እኅታችን የ9ኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን፣ የመጀመሪያውን ሪፖርት ስታነብ ድምፅዋ ከፊት ወንበር አላለፈም። አሁን ስንንጫጫ ዝም የምታሰኘን እርስዋ ናት። ሒሳብ ሹሙም ድምሩን ተሳስቶ በጉባኤ ፊት ቆሞ ተሳስቻለሁ አለ፤ ይህን ማለት ለእኛ ለወጣቶች ከመስበክ ይልቅ ይከብዳል።

ዘንድሮ ከመካከላችን አምስት ወንድሞችና እኅቶች የ12ኛ ክፍልን ፈተና ይወስዳሉ። አራቱ ተተኪ አላቸው። የመዝሙር ክፍሉ ግን እስከ ዛሬ ምክትል አላገኘም፤ ከበሮ መምታት የማያውቅ ቢሆንም ይማራል። ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስሙን ለጸሐፊዋ ያስመዝግብ።