የወጪ ምዝገባ ቅደም ተከተልና ያልተጠበቀ የኦቨርድራፍት ክፍያ፦ የአሜሪካ ባንኮች አሠራር

በአገራችን የባንክ አሠራር ኦቨርድራፍት ሲባል ነጋዴው አስቀድሞ ተዋውሎ በተንቀሳቃሽ ሒሳቡ የሚጠቀምበት የብድር ዓይነት ነው። በአሜሪካ ግን ቃሉ ሌላ ነገርንም ያመለክታል፤ ደንበኛው ብድር ሳይጠይቅ፣ ሒሳቡ ከያዘው በላይ ወጪ ሲቀርብበት ባንኩ ይከፍልለትና በየወጪው ቅጣት መሰል ክፍያ ይቆርጥበታል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በሁለተኛው ላይ ሲሆን፣ ክፍያውን የሚወስነው የጉድለቱ መጠን ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት ይሞክራል።

በሒሳቡ 100 ዶላር ያለውን ሰው እንውሰድ። በአንድ ቀን በተከታታይ 10፣ 15፣ 20 እና 90 ዶላር ያወጣል፤ ባንኩም ለእያንዳንዱ ያለ በቂ ስንቅ ለቀረበ ወጪ 35 ዶላር ያስከፍላል እንበል። ወጪዎቹ እንደ አመጣጣቸው ቢመዘገቡ ከሒሳቡ የሚያልፈው የመጨረሻው ብቻ ስለሆነ ክፍያው 35 ዶላር ይሆናል። ከትልቅ ወደ ትንሽ ቢመዘገቡ ግን የ90 ዶላሩ ወጪ ቀድሞ ሒሳቡን ወደ 10 ያወርደዋል፤ የቀሩት ሦስቱም ያለ ስንቅ ስለሚቀሩ ክፍያው 105 ዶላር ይደርሳል። በሁለቱም ስሌት ጉድለቱ ራሱ ያው 35 ዶላር ነው።

ነገሩ በወረቀት ላይ የቀረ ስሌት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በካሊፎርኒያ የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ ዊልያም አልሰፕ፣ ዌልስ ፋርጎ ባንክ በዚሁ አመዘጋገብ ከሰበሰበው ክፍያ 203 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለደንበኞች እንዲመልስ ወሰኑ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2012 የቅደም ተከተሉን ምርጫ በፌዴራል ሕግ ለባንኩ ቢተውለትም፣ ባንኩ ደንበኞቹን ማሳሳቱን አጸና፤ ገንዘቡም በ2013 በዚህ ምክንያት ዳግም ተፈረደ። በእኔ አስተያየት የክርክሩ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ለባንኩ ጥፋት የሆነበት ማሳሳቱ እንጂ አደራደሩ አይደለም።

በ2010 ሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል ሪዘርቭ ደንብ፣ ደንበኛው አስቀድሞ ካልተስማማ በስተቀር በኤቲኤም ወጪና በአንድ ጊዜ የካርድ ግዢ ላይ ይህን ክፍያ ይከለክላል። ቼክንና በየወሩ በራሱ የሚቆረጥ ክፍያን ግን አይነካም። ስለዚህ «አልፈልግም» ብሎ የፈረመ ደንበኛም በቤት ኪራይ ቼኩ ሊቆረጥበት ይችላል። ደረቅ ቼክ በወንጀል በሚያስጠይቅበት አገር ላደገ አንባቢ ባንኩ ጎዶሎ ቼክ ከፍሎ ማስከፈሉ እንግዳ ሳይመስለው አይቀርም።

ክፍያ የተቆረጠበት ሰው በቅድሚያ ማጣራት ያለበት እንግዲህ የወጪውን ዓይነት ነው። የካርድ ግዢ ከሆነ ባንኩ የስምምነቱን ማስረጃ እንዲያቀርብ መጠየቅ ይችላል፤ ቼክ ከሆነ ደግሞ የሒሳብ ውሉን የምዝገባ ቅደም ተከተል አንቀጽ ከወሩ መግለጫ ጋር ማስተያየት ይኖርበታል።