ቆላ ወርዶ መክረምና ትምህርት

ቆላ ማለት ዝቅ ያለና ሞቃት አገር ነው። ደጋ ማለት ከፍ ያለና ቀዝቃዛ አገር ነው። ይህን ማንም ገበሬ ከእኛ ከተማሪዎች ይበልጥ ያውቀዋል። ከተራራ ወደ ሜዳ ሲወረድ በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ጎንደር ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ አላት። መተማ ግን ከ1000 ሜትር በታች ናት። ስለዚህ ጎንደር ላይ ጋቢ ለብሶ ያደረ ሰው በማግሥቱ መተማ ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል።

እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ከደጋ መጥተን በመተማ ቆላ ብዙ ወር ተቀምጠናል። ትምህርታችንን ግን አላቋረጥንም። መምህሮቻችን ከተማ ሆነው በኢንተርኔት ያስተምሩናል። ኢንተርኔት ማለት ስልክን ከስልክ፣ ኮምፒዩተርን ከኮምፒዩተር የሚያገናኝ መረብ ነው። ጽሑፍ፣ ድምፅና ሥዕል በዚህ መረብ ከሩቅ አገር ይመጣል። እናንተም ለሰሊጥ አጨዳ ወይም ለሌላ ሥራ ወደ ቆላ ወርዳችሁ ትከርሙ ይሆናል። ስትመለሱ ከገንዘቡ ጋር ሁለት ነገር ይዛችሁ እንድትመለሱ እንፈልጋለን። አንዱ ጤናችሁ ነው። ሌላው ፊደላችሁ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሙቀቱ እንነጋገር። ሰውነት ሙቀትን ይለምዳል፤ ለመልመድ ግን ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል። በነዚህ ቀኖች ሰውነታችን ቶሎና ብዙ ማላብን ይማራል። በእንስራ ያለ ውኃ ለምን ይቀዘቅዛል? በሸክላው ላይ የሚወጣው እርጥበት ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞት ስለሚሄድ ነው። የሰው ገላም እንደ እንስራው ነው። ላቡ ሲደርቅ ገላው ይቀዘቅዛል። ውኃው ካለቀ ግን የሚደርቅ ላብ አይኖርም።

አዲስ የገባ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ከነባሩ እኩል ልጨድ ብሎ ይፎካከራል። ቀድሞ የሚወድቀውም እሱ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ቀስ ማለት ስንፍና አይደለም። ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ እስከ 4 ወይም 5 ሰዓት መሥራት፣ በቀትር ጥላ ሥር ማረፍ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ መቀጠል ይሻላል። ውኃ ሳይጠማን እንጠጣ። አረቄ ጥም አይቆርጥም፤ እንዲያውም ውኃን ከሰውነት ያስወጣል። አንድ ሰው ገላው እንደ እሳት ቢግልና ንግግሩ ቢዘባረቅ አደጋ ላይ ነው ማለት ነው። ፈጥኖ ወደ ጥላ ማስገባት፣ ልብሱን አላልቶ ውኃ እያፈሰሱ ማራገብ፣ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ያስፈልጋል።

ከሙቀቱ የሚብሰው ወባ ነው። አንዳንድ ሽማግሌዎች ንዳድ ይሉታል። ወባ የሚመጣው ከመጥፎ አየር አይደለም፤ የወባ ትንኝ በሌሊት ስትነክስ ነው። የበቆሎ እሸትና አገዳ ወባ ያመጣል የሚሉም አሉ። መብላቱ አያመጣም። ነገር ግን ወሬው ከመሬት አልተነሣም። የበቆሎ ጽጌ ብናኝ ኩሬ ውስጥ ሲወድቅ የትንኟ እጭ ይመገበዋል። በቆሎ በሚያብብበት ሰፈር ትንኝ የሚበዛው አንድም በዚህ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ በየከብቱ ኮቴና በየጉድጓዱ ውኃ ተቋጥሮ ይቀራል። ፀሐይ ያገኘው ንጹሕ ውኃ ደግሞ ለትንኟ ምቹ ነው። የሰሊጥ አጨዳም የሚደርሰው በዚሁ ጊዜ ነው። ደገኛው ወባን ያልለመደ ገላውን ይዞ በወባው ወቅት ይገባል ማለት ነው። ያልለመደ ገላ እንዴት እንደሚጎዳ የምናውቀው በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደረሰው ነው። ያን ጊዜ ወባ ወደ ወይና ደጋው ወጣ። ወደ 3 ሚሊዮን ሰው እንደታመመ፣ ወደ 150,000 ሰው እንደሞተ ተገምቷል።

እንግዲህ ምን ይሻላል? አጎበር ይዞ መውረድ ነው። ሜዳ ላይ የሚተኛ ሰው አራት እንጨት ተክሎ አጎበሩን ይወጥር። ትኩሳት ሲመጣ ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ደም ማስመርመር ነው። ኮአርተም የሚባለው መድኃኒት ከታዘዘ ለ3 ቀን በጠዋትና በማታ፣ በጠቅላላው 6 ጊዜ ይወሰዳል። ምግብ ወይም ወተት ተወስዶበት ነው። አንዳንዱ ሰው በሁለተኛው ቀን ሲሻለው የቀረውን ለታመመ ጓደኛው ያካፍላል። ልቡ ደግ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም ሳይድኑ ይቀራሉ። መድኃኒት ስትቀበሉ ካርቶኑን አንብቡ። የተጻፈው ዓመት የፈረንጅ ነው። ከእኛ ዓመት በ7 ወይም በ8 ይበልጣል።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንምጣ። ኮሮና በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ ትምህርት በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በስልክ ይሰጥ ነበር። ከሩቅ መማር ስንል ይህን የመሰለውን ነው። እንዴት እንደምንማር እንንገራችሁ። ቀን ኔትወርኩ ይጨናነቃል። ስለዚህ ሌሊት ተነሥተን ትምህርቱን ወደ ስልካችን እናወርዳለን። ከወረደ በኋላ ኔትወርክ ቢጠፋም ትምህርቱ ስልኩ ውስጥ አለ። ቪዲዮ ብዙ ብር ይበላል። ድምፅ ያነሰ ይበላል። ጽሑፍ ከሁሉም ያነሰ ነው። ማንበብ ለሚችል ሰው ትምህርት ይረክሳል የምንለው ለዚህ ነው።

ስልኩን የምንሞላው በፀሐይ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ስልኩ ግን ጥላ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ፀሐይ ላይ ሆኖ ሲሞላ ባትሪው ይጎዳል፤ በጣም ከጋለም ስልኩ ራሱን ያጠፋል። የምናጠናው ከ11 እስከ 1 ሰዓት ጠዋት ነው። በቀትር የተነበበ ነገር ጭንቅላት ውስጥ አይቀመጥም፤ እኛስ ሞክረነዋል። ሰዓቱም ማስላት ይፈልጋል። የፈተና ሰዓት 14:00 ተብሎ ሲጻፍ 6 እንቀንሳለን። ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ይሆናል።

«እኛ ዩኒቨርሲቲ የለን፤ ይህ ለእኛ ምን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። ፊደል ካልተጻፈበት ይጠፋል። ሦስት ወር ያላነበበ አዲስ አንባቢ ሲመለስ ስሙን ለመጻፍ ይቸገራል። ስለዚህ ቆላ ስትወርዱ ደብተርና እርሳስ ያዙ። ማታ ማታ የዕለቱን ሥራ ጻፉ፤ ስንት ነዶ ታሰረ፣ ስንት ብር ተከፈለ፣ ስንት ቀረ። ሒሳብ በሚተሳሰቡበት ቀን አሠሪው የራሱን ደብተር ያወጣል። እናንተም የራሳችሁን ታወጣላችሁ።

ደብተሩ ለሌላም ነገር ይጠቅማል። በቆላው የዋልካ መሬት ስንጥቅና በኩይሳ ውስጥ የአሸዋ ዝንብ ትኖራለች። ከትንኝ ታንሳለች፤ ስትበርም ድምፅ የላትም። ሌሊት ግራር ሥር የተኛውን ሰው ትነክሳለች። የምታመጣው በሽታ ካላዛር ይባላል። ትኩሳቱ ለሳምንታት ይቆያል፣ ሰው ይከሳል፣ በግራ በኩል ጣፊያው ያብጣል። ካልታከመ ይገድላል። የሚብሰው ነገር በሽታው ቶሎ አይታይም። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሰውየው አገሩ ከገባ ከወራት በኋላ ነው። በሊቦ ከምከም ወረዳ ብዙ ሰው ሲታመም መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ ነበር። የወባ መድኃኒት ወሰዱ፣ አልተሻላቸውም። ካላዛር መሆኑ የታወቀው በ1997 ዓ.ም. ነው። በሽታውን ከቆላ ሥራ የተመለሱ ሰዎች ሳያውቁ ይዘውት እንደመጡ ይታመናል።

ስለዚህ ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ቢይዛችሁ ለጤና ባለሙያው የት እንደከረማችሁ ሳትጠየቁ ንገሩ። ቀኑ እንዳይረሳ ደብተራችሁ ላይ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«ከመስከረም 15 እስከ ኅዳር 30 መተማ ነበርኩ። ሜዳ ላይ ነው የተኛሁት። አጎበር ነበረኝ። ጥቅምት 20 ወባ ታምሜ ኮአርተም 3 ቀን ወስጃለሁ።»

አሁን እናንተ ደግሞ የራሳችሁን ቀንና ቦታ ከዚህ በታች ጻፉ።