ስለ ጥልፍና ስለ ድርብ ስፌት ሥራ
ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራን የተሰናዳ ትምህርት

ለደጋ ሰው ልብስ ከጌጥ አስቀድሞ የብርድ መከላከያ ነው። በአምባራስ፥ በደባርቅና በዳባት ደጋ የሚኖረው ሕዝብ ሌሊቱ ውርጭ፥ ጠዋቱ ጉም ስለሚሆንበት፥ ከበግ ጠጕር ባናና በርኖስ፥ ከጥጥም ኩታና ጋቢ እያሠራ ሲለብስ ኖሯል። ብርዱን ከተከላከለ በኋላም ዐይኑ ውበትን ስለሚሻ፥ የልብሱን አንገትና ጫፍ በቀለም ክር ያስጌጣል።

ይህ ትምህርት የተሰናዳው፥ መምህራን የጥልፍንና የድርብ ስፌትን ሥራ ለተማሪዎች በሥርዓት ያስተምሩ ዘንድ፥ የአገር ሽማግሌዎችም ከሚያውቁት እየጨመሩ ይረዷቸው ዘንድ ነው። የእጅ ሥራ በንባብ ብቻ አይገኝምና፥ በመንደሩ ያለው ባለሙያ ሁሉ ለትምህርት ቤቱ እንደ መጽሐፍ ይቈጠራል።

1. የቃላቱ ትርጓሜ

ጥለትና ጥልፍ ብዙ ጊዜ ተደባልቀው ይነገራሉ። ጥለት ማለት ሸማኔው ሸማውን ሲሠራ ባለቀለም ማግ በድሩ መካከል እያስገባ ከጨርቁ ጋር አብሮ የሚያወጣው ጌጥ ነው፤ ጥበብም ይባላል። ጥልፍ ግን ጨርቁ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በመርፌ የሚጨመር ነው። ስሙ ጠለፈ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ መርፌው ክሩን እየጠለፈ አንዱን ቀለበት ከሌላው ጋር ያያይዛልና።

ድርብ ስፌት የምንለው፥ ሁለት ወይም ከዚያ የሚበልጥ ጨርቅ ተደራርቦ፥ አንዳንድ ጊዜም በመካከሉ ባዘቶ ገብቶበት፥ በስፌት ሲያያዝ ነው። ኩታ ሁለት እጥፍ፥ ጋቢ አራት እጥፍ ሆኖ የሚለበስበትን ምክንያት ተማሪዎች ማወቅ ይገባቸዋል። ሙቀት የሚሰጠው የክሩ ውፍረት ብቻ አይደለም፤ በእጥፎቹ መካከል የተያዘው አየር የሰውነት ሙቀት ፈጥኖ እንዳይወጣ ይከለክላል። የድርብ ስፌትም ጥቅሙ ይኸው ነው። ስፌቱ ባዘቶው ወደ አንድ ወገን እንዳይሸሽ ስለሚያግደው፥ አየሩ በየስፍራው እኩል ሆኖ ይያዛል።

በአገራችን ጨርቅ በጨርቅ ላይ እየደራረቡ መስፋት መደረት ይባላል፤ እንዲህ የተሠራውም ልብስ ድሪቶ ይባላል። ድሪቶ የድኻ ልብስ ነው ተብሎ ስለ ተናቀ፥ በውስጡ ያለውን ብልሃት የሚያስተውል ጥቂት ነው። ነገር ግን ያረጀውን ጨርቅ ሳይጥሉ ደርቦ ማጽናት ለቤት ትልቅ ቁጠባ ነው።

2. ጥጡ ክር እስኪሆን ድረስ

ጥጥ ከደጋ አይበቅልም፤ እንደ መተማና እንደ ሁመራ ካለው ቆላ ወደ ደጋ ገበያ ይወጣል። ሴቶች ፍሬውን በመዳመጫ ይለያሉ፥ በደጋን ነድፈው ባዘቶ ያደርጉታል፥ በእንዝርት ፈትለውም በልቃቂት ያጠቀልሉታል። ከዚህ በኋላ ሸማኔው ድሩን አድርቶ፥ ማጉን በመወርወሪያ እያሳለፈ ሸማ ያደርገዋል። ለጥልፍ የሚሆነው ክር ግን ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ መክረር አለበት፤ ያልከረረ ክር በጨርቁ ውስጥ ሲመላለስ ይበጠሳልና።

የሐር ክር በቀድሞ ዘመን ከባሕር ማዶ ይመጣ ነበር። ባለሙያዎችም ከውጭ የገባውን የሐር ጨርቅ እየተረተሩ፥ ክሩን ለጥለትና ለጥልፍ ያውሉት ነበር። የሌላ አገር ጨርቅ ተፈትቶ የአገር ልብስ ጌጥ ሆነ ማለት ነው።

3. የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ

ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የሰሜንና የትግሬ ገዥ ነበሩ። በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ጦርነት በደጃዝማች ካሣ ተሸነፉ፤ ካሣም በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የደጃዝማች ውቤ ልጅ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከዓመታት በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ባለቤት ሆኑ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ። እቴጌይቱም ከልጃቸው ከልዑል ዓለማየሁ ጋር ሆነው ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ፥ በግንቦት ወር በመንገድ ዐርፈው በትግራይ በጨለቆት ተቀበሩ።

ከመቅደላ ከተወሰደው ብዙ ንብረት መካከል አንድ ከጥጥ ተሠርቶ በሐር ክር የተጠለፈ ቀሚስ በለንደን ከተማ ቪክቶሪያና አልበርት በሚባለው ቤተ መዘክር ይገኛል። ቤተ መዘክሩ ቀሚሱ የእቴጌይቱ እንደ ነበረ ይገልጻል፤ በ2010 ዓ.ም. የመቅደላ ጦርነት 150ኛ ዓመት በታሰበ ጊዜም ለሕዝብ አሳይቶታል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፥ በደንብ የከረረ ክርና በጥንቃቄ የተሠራ ስፌት ከ150 ዓመት በላይ ይቈያል። ሁለተኛ፥ የቀሚሱ ባለቤት ስም ተጽፎ ሲኖር፥ ሌሊትና ቀን ጎንበስ ብሎ የጠለፈው ሰው ስም ግን አልተጻፈም። ሥራውን እያደነቁ ሠሪውን መርሳት በአገራችን ያለ ልማድ ነው።

4. ንቀት የሚያመጣው ጉዳት

ሠሪን መርሳት ብቻ ሳይሆን መናቅም ነበረ። ሸማኔው፥ ብረት ሠሪው፥ ቆዳ ፋቂው በሥራው ምክንያት ይሰደብ ስለ ነበር፥ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ነገር ግን ልጁ መርፌና ክር ሲይዝ የሚያፍር አባት አሁንም ይገኛል።

የተናቀ ሙያ በጥቂት ወገኖች እጅ ብቻ ይቀራል፤ እነዚያ ወገኖች ሲሄዱም ሙያው አብሮ ይሄዳል። በሰሜንና በጎንደር አካባቢ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን በሽመና፥ በሸክላና በብረት ሥራ የታወቁ ነበሩ። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ ወደ እስራኤል አገር ሲሄዱ፥ ከጎረቤት ማንም ያልተማረው ጥበብ ከእነርሱ ጋር ሄደ።

እጅ ከሰው ጋር መሄዱ ለሠሪው ግን መጽናኛ ነው። በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወጥተው ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ። ማሳና የግጦሽ መሬት ተሸክሞ መሄድ አይቻልም፤ መፍተልና መጥለፍ የሚያውቅ ሰው ግን በሄደበት ሁሉ ሙያውን ይዞ ይገኛል።

5. የፈረንሳይ አገር ምሳሌ

በፈረንሳይ ደቡብ፥ በማርሴይ ወደብና ፕሮቫንስ በሚባለው አገር፥ ቡቲ የሚባል የድርብ ስፌት ሥራ አለ። ሁለት ስስ ነጭ ጨርቅ ይደራረብና በላዩ የአበባ ወይም የፍሬ ሥዕል ይሣላል፤ የሥዕሉም መስመር በደቃቅ ስፌት ይሰፋል። ከዚህ በኋላ ጫፉ በደነዘ መርፌ ከበስተጀርባ የጥጥ ገመድ በሁለቱ ጨርቆች መካከል ይገባል። ያን ጊዜ ሥዕሉ አብጦ ይታያል፤ ጨርቁ ወደ ብርሃን ሲያዝም ገመድ ያለበት ስፍራ ይጠቁራል፥ ስፌቱ ያለበትም ብርሃን ያሳልፋል። የሙሽራ ልብስና የሕፃን መጠቅለያ በዚህ ይሠራ ነበር። ድሪቶ ከምንለው ጋር በመሠረቱ አንድ ሆኖ ሳለ፥ በዚያ አገር የክብር ልብስ ሆነ።

የፈረንሳይ መንግሥት በፈረንጆች ቍጥር በ1686 ዓ.ም. ከሕንድ የሚመጣውንና በአገር ውስጥ የሚታተመውን ባለሥዕል የጥጥ ጨርቅ፥ የአገሩን ሸማኔዎች ጎድቷል ብሎ ከለከለ፤ ክልከላውም እስከ 1759 ጸንቶ ነበር። ኋላ ደግሞ በእንግሊዝ አገር የማርሴይን ስፌት የሚያስመስል ድርብ ጨርቅ በመሸመኛ ማውጣት ስለ ተጀመረ፥ የእጁ ሥራ እየቀነሰ ሄደ። ሥራውን ያዳነው ግን ሌላ አዋጅ አይደለም። በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ አሮጌ ልብሶችን እየመረመሩ ስፌቱን የተማሩና ያስተማሩ ሴቶች አነሡት፤ በካልቪሶን መንደርም የቡቲ ቤተ መዘክር ተቋቋመ።

እኛም ዛሬ በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ እንገኛለን። በፋብሪካ ታትሞ ጥለት የሚያስመስል ጨርቅ በየገበያው ሞልቷል። ርካሽ ስለ ሆነ የሚገዛውን ሰው መውቀስ አይገባም። የሚገባው፥ የእጁን ሥራ ከሕትመቱ ለይቶ የሚያውቅ ትውልድ ማስተማር ነው።

6. በትምህርት ቤት የሚሠራበት ሥርዓት

ወንዶችም ሴቶችም ተማሪዎች በአንድነት ይማሩ። ለእያንዳንዱ አንድ ስንዝር ነጭ ጨርቅ፥ አንድ መርፌና ጥቂት የከረረ ክር ይበቃል።

መጀመሪያ ቀለሙ ይፈተን። ክሩን አርጥቦ በነጭ ጨርቅ ማሸት ነው፤ ቀለም የሚለቅ ከሆነ ለጥልፍ አይሆንም።

ሁለተኛ በጨርቁ ላይ በከሰል ቀጥ ያለ መስመር ተሥሎ የሰንሰለት ስፌት ይጀመር። መርፌው ከጨርቁ ሥር ወደ ላይ ይወጣል፤ ክሩ በግራ አውራ ጣት ተይዞ ቀለበት ይሆናል፤ መርፌው በወጣበት ቀዳዳ ተመልሶ ይገባና የገብስ ቅንጣት ያህል ወደ ፊት ሄዶ በቀለበቱ ውስጥ ይወጣል፤ ክሩም በዝግታ ይሳባል። ክሩ ከከረረበት ጨርቁ ይጨማደዳል፤ ከላላበት ስፌቱ ይተረተራል። ቀጥታው መስመር ከተለመደ በኋላ ወደ ክብና ወደ መስቀል ቅርጽ ይታለፍ።

ሦስተኛ ሁለት ቁራጭ አሮጌ ጨርቅ ታጥቦ፥ በመካከሉ ስስ ባዘቶ ተዘርግቶ፥ አራት ጣት እያራራቁ ቀጥና አግድም ይሰፋ። ሲያልቅ ተማሪው አንዱን እጁን በነጠላው ጨርቅ፥ ሁለተኛውን በድርቡ ሸፍኖ ሙቀቱን ያነጻጽር።

አራተኛ ትምህርት ቤቱ የናሙና መዝገብ ያኑር። በመንደሩ የሚታወቀው እያንዳንዱ የጥልፍና የጥለት ዐይነት በቁራጭ ጨርቅ ላይ ተሠርቶ በመዝገቡ ይለጠፍ፤ በአጠገቡም የጌጡ ስም፥ የሠሪው ስም፥ መንደሩና ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍ። ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ወደ ትምህርት ቤት ተጠርተው ስሙን ይናገሩ፤ ተማሪዎችም ይጻፉ። የእቴጌ ጥሩወርቅን ቀሚስ የጠለፈው ባለሙያ ያጣውን ነገር ዛሬ ያለው ባለሙያ እንዳያጣ፥ ከመዝገቡ ውስጥ ዋነኛው ቃል የሠሪው ስም ነው።

ጥያቄዎች

1ኛ፤ ጥለትና ጥልፍ በምን ይለያያሉ?
2ኛ፤ ጋቢ አራት እጥፍ በመሆኑ ስለምን ይሞቃል?
3ኛ፤ የማርሴይ ሴቶች በሁለቱ ጨርቆች መካከል ገመዱን የሚያስገቡት መቼና በምን ዐይነት መርፌ ነው?
4ኛ፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያወጡት አዋጅ ስለ ሠራተኞች ምን ይላል?
5ኛ፤ በቤታችሁ ካለው ልብስ አንዱን መርምሩ፤ ማን ፈተለው፥ ማን ሠራው፥ ማን ጠለፈው? ጠይቃችሁ በመዝገቡ ጻፉ።