እሱ ሲነሳ እጅ ለምን ይታሰራል?

በየፑል ቤቱ ሰፈሩን ሁሉ አሸንፎ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሸነፍ ልጅ አይጠፋም። ያ ሰው ስቲክ ይዞ ሲነሳ ተመልካቹ ቀድሞ ይፈርዳል፦ «ለእሱማ አይሆንለትም!» አባባሉ እውነት አለው፤ ግን ከሚወራው ያነሰ። ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈን ሰው ስለሚበልጠን ያሸንፈናል፤ አንዳንዴም ዕድል ይቀናዋል። በችሎታ ከሚተካከለው ሰው ጋር አምስት ጊዜ የተጋጠመ ተጫዋች አምስቱንም ጨዋታ በተከታታይ የመሸነፍ ዕድሉ ከ32 አንድ ነው። ከብዙ ሰው ጋር የሚጫወት ሁሉ እንዲህ ያለ ተጋጣሚ አንድ ቀን ይገጥመዋል። ችግሩ አጋጣሚው ወደ እምነት ሲለወጥ ነው።

የፑል የቅርብ ዘመድ በሆነው ስኑከር የጂሚ ዋይትና የስቲቨን ሄንድሪ ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። በ1992 እ.ኤ.አ. ሼፊልድ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ፣ 18 ፍሬም (ነጠላ ጨዋታ) ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫ በሚወስድበት ግጥሚያ፣ ዋይት 14 ለ 8 ይመራ ነበር። ሄንድሪ 10 ፍሬም በተከታታይ ወስዶ 18 ለ 14 ረታው። ዋይት በ1990፣ በ1993 እና በ1994 ፍጻሜም የተሸነፈው ለዚሁ ሰው ነው። የመጨረሻው ልብ ይሰብራል፦ 17 እኩል ሆነው፣ በ32ኛ የልደት ቀኑ፣ በወሳኙ ፍሬም ሌላ ጊዜ የማይስተውን ጥቁር ኳስ ሳተ። ሄንድሪ ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ነውና ሁሉን ነገር በሥነ ልቦና ማሳበብ ግፍ ነው፤ በ1993 18 ለ 5 ሲረታው በጨዋታ በልጦት ነው። ያቺን ጥቁር ኳስ ግን የችሎታ ማነስ አይገልጻትም።

ነገሩ የሚጀምረው ወንበሩ ላይ ነው። ቦክሰኛ ሲመታ መልሶ ይመታል። በፑል ግን ተጋጣሚህ ጠረጴዛው ላይ እያለ ያለህ ሥራ ቁጭ ብሎ ማየት ብቻ ነው፤ ያለፉት ሽንፈቶችህ የሚመጡብህም ያኔ ነው። ተራህ ደርሶ ስትነሳ የገዛ እጅህን መጠበቅ ትጀምራለህ፦ ክርኔ ቀጥ ብሏል? አያያዜ ጠብቋል? ሮይ ባውማይስተር በ1984 ባሳተመው ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው፤ በልምድ ራሱን ችሎ የሚሄድን እንቅስቃሴ በጭንቀት ሰዓት ልቆጣጠረው ሲሉት ይበላሻል።

በ1982 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፑል ተጫዋቾች ላይ የተደረገ ነው። አራት ሰዎች ጠረጴዛው ዙሪያ ቆመው ሲያዩ የጎበዞቹ ውጤት ከ71 በመቶ ወደ 80 ከፍ አለ፤ የደካሞቹ ከ36 ወደ 25 ወረደ። ያው ዓይን አንዱን አበረታ፣ ሌላውን አደከመ። በእኔ ግምት፣ በአንድ ሰው ፊት ራስህን ከደካሞቹ ከቆጠርክ የሚደርስብህ ይኸው ነው።

የግጥሚያው ርዝመትም ለውጥ ያመጣል። በ1996 ሆንግ ኮንግ ላይ ፊሊፒናዊው ኤፍሬን ሬየስ ከአሜሪካዊው ኧርል ስትሪክላንድ ጋር በ100,000 ዶላር ተጋጠመ፤ 120 ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ይወስዳል። ሬየስ በ17 ጨዋታ ተመርቶ በመጨረሻ 120 ለ 117 አሸነፈ። እስከ ሦስት ወይም እስከ አምስት በሚደረግ ግጥሚያ ግን ለመረጋጋት ጊዜ አይገኝም፤ ማን ከማን እንደሚበልጥም አይታወቅበትም።

ስለዚህ ከምትፈራው ሰው ጋር ስትጫወት እያንዳንዱን ሽንፈት መዝግብ፦ ተጋጣሚህ የመምታት ዕድል አልሰጠህም ወይስ ሁልጊዜ የምታስገባውን ኳስ ሳትክ? የመጀመሪያው ከሆነ የሚያስፈልግህ ልምምድ ነው። ሁለተኛው ከሆነ ወንበሩ ላይ ሳለህ ፊቱን ተወውና የኳሶቹን አቀማመጥ ተከታተል። ተራህ ሲደርስ ኳሱንና አቅጣጫውን ቆመህ ወስን፤ ካጎነበስክ በኋላ ሐሳብህ ከተለወጠ አትምታ፤ ቀና በልና እንደገና ጀምር።