የስደተኞች ስምምነት፦ ዳኛ የሌለው ግብይት

ስለ ፍልሰት የሚደራደሩ መንግሥታት ምን ሰጥተው ምን ይቀበላሉ? መያዣውስ ምንድን ነው? የአውሮፓ ኅብረትና ቱርክ እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 2016 የደረሱበት ስምምነት ጥሩ ማስተማሪያ ነው።

በ2015 ከ850 ሺህ በላይ ሰዎች ከቱርክ ተነስተው በባሕር ግሪክ ገብተዋል። አውሮፓ በሩ እንዲዘጋ ፈለገ፤ በሩ ያለው ግን በቱርክ እጅ ነው። ስለዚህ ዋጋ ተቆረጠ። ቱርክ ያለ ፈቃድ ወደ ግሪክ ደሴቶች የሚሻገሩትን መልሳ ልትቀበል፣ አውሮፓም አንድ ሶርያዊ በተመለሰ ቁጥር ሌላ አንድ ሶርያዊ ከቱርክ ሊወስድ ተስማሙ። በዚህ ላይ 3 ቢሊዮን ዩሮ፣ ያ ሲያልቅ ሌላ 3 ቢሊዮን፣ ለቱርክ ዜጎችም ያለ ቪዛ መግባት ተጨመረበት። ሰው በሰው የሚመነዘርበት ሒሳብ ለጆሮ ይከብዳል፤ ሰነዱ ላይ ግን በግልጽ ሰፍሯል።

አከፋፈሉን ልብ ይሏል። ገንዘቡ በጥሬው ለቱርክ ግምጃ ቤት የሚገባ ሳይሆን፣ በአብዛኛው ለስደተኞች ትምህርት፣ ሕክምናና ድጎማ በፕሮጀክት የሚለቀቅ ነበር። አንካራ ዘገየብኝ እያለች በተደጋጋሚ አማርራለች። ቪዛው ደግሞ በ72 መመዘኛዎች የታሰረ ነበር። ዋናው እንቅፋት የቱርክ የፀረ ሽብር ሕግ ሲሆን፣ እሱን አላሻሽልም በማለቷ ቪዛው ቀረ።

ታዲያ ማን ዘንድ ይከሰሳል? ሰነዱ «መግለጫ» እንጂ «ውል» አልተባለም። ጥገኝነት ጠያቂዎች ከሰው በ2017 የኅብረቱ ጠቅላላ ፍርድ ቤት፣ ሰነዱ የኅብረቱ ተቋማት ሥራ ስላይደለ ለማየት ሥልጣን የለኝም ሲል መለሰ። ለቱርክ የቀራት መያዣ በሩ ራሱ ነበር። በፌብሩዋሪ 2020 መጨረሻ ወደ አውሮፓ የሚሄዱትን አላግድም አለች፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም የግሪክ ድንበር ላይ ተከማቹ። በ2021 የአውሮፓ ኮሚሽን ቱርክ ላሉ ስደተኞች ተጨማሪ 3 ቢሊዮን ዩሮ እንዲመደብ ሐሳብ አቀረበ።